የሚፈልገኝ ሰው አለ

ኑሮዬን የምገፋው ጉርድ ሾላ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነው። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹንና ኬኩን በተራ መደርደር ይመስላል። እኔ ግን እያደር ዓይኔ ከሙሽሮቹ እየሸሸ ዳር ዳር ያሉትን ሰዎች ማየት ጀመረ። ካሜራ ሲዞርባቸው ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ አክስቶች አሉ። ካሜራው ካለፋቸው በኋላም አንገታቸውን አስግገው፣ አነሳኝ ወይስ አላነሳኝም በሚል ፊት በዓይናቸው ይከተሉታል። ያ ፊት ሁልጊዜ ተቆርጦ ይጣላል። ቆራጯ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴን አጫጭር ፊልሞች መሥራት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፊልሞቹ ከአራት ደቂቃ አይበልጡም። የመጀመሪያው ስለ ሕንፃችን ጥበቃ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ውሎ አንድም ሰው ፊቱን ሳያየው ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ሰው። ሁለተኛው የውሃ ቆጣሪ የምታነብ ልጅ ታሪክ ነው፤ በየግቢው ስትገባ "ቆጣሪ መጣ" ይባላል እንጂ እሷ መጣች የሚል የለም። ሁለቱን ፊልሞች ያየልኝ ሰው ጥቂት ነበር። ሦስተኛውን ግን ብዙ ሰው አየው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ።

የሦስተኛውን ፊልም ሴትዮ ያገኘኋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሃል ጥቂት የጭቃ ቤቶች አሉ። በአንደኛው ደጃፍ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ ሲሾር፣ ክሩ ከጣቶቿ መሃል እንደ ፀጉር እየቀጠነ ሲወጣ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"የምታዪው ጥጡን ነው ወይስ እኔን?"

"እርስዎን" አልኩ፣ አፍሬ።

"እንግዲያው አንቺ በይኝ። እርስዎ ስባል ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።"

ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ከስድስት ዓመት በፊት ከሩቅ አገር ለጠበል መጥታ እዚያው እንደቀረች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ፈትሏን ሽሮ ሜዳ ወርዳ ለሸማኔዎች እንደምታስረክብ ነገረችኝ። ከየት እንደመጣች አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጎረቤቶቿ "ፈታይዋ" ነው የሚሏት። ፊልም ላንሳሽ ስላት እጇንና ድምፅዋን ብቻ ፈቀደች። "ፊቴ ይቅር" አለች፣ እኔም ይቅር አልኩ።

ሦስት ቅዳሜ እጇን ስቀርጽ ከረምኩ። በአራተኛው ስሄድ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ፊቷን ቅባት ተቀብታ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ ፊቴን አንሺው" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነሽ፣ እትዬ?"

"ካነሳሽ አይቀር በደንብ አድርገሽ አንሺው። የሚያውቀኝ ሰው ሲያየው እሷ ትሁን አትሁን ብሎ እንዳይጠራጠር።"

በደስታ ካሜራውን ፊቷ ድረስ አስጠጋሁ። ምን ሐሳብሽን አስቀየረሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ብርሃኑ ቆንጆ ነበር፣ እንዳይጠፋብኝ ቸኮልኩ። ብቻሽን ስትቀመጪ ምን ታስቢያለሽ አልኳት። አንድ ረጅም ክር ፈትላ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ ሌንሱን እያየች፣ "የሚፈልገኝ ሰው አለ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ፊልሙን እዚያ ላይ ጨረስኩት። ኤዲት ሳደርግ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እየሰማሁ አልቅሻለሁ። የሆነ ቦታ የምትናፍቀው፣ የምታስፈልገው ሰው አለ፣ እሷም ይህን እያሰበች ትኖራለች ብዬ ነው የተረዳሁት። ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ፊልሙ ሲግናል አካባቢ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ወጣቶች ሥራዎች ጋር ታየ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሰው የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ በስልኩ ቀርጾ፣ ስሜን ጠቅሶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰኞ ጠዋት ስነቃ ስልኬ በመልእክት ተጨናንቋል። አንዱ "እናቴን አስታወሰችኝ" ይላል፣ ሌላው "ማን ነው የሚፈልጋት?" ብሎ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ድምፅዋን በሙዚቃ አጅቦ መልሶ ለጥፎታል። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል እንጂ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ያን ቀን ቢሮ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ሰው ቢሯችን መጣ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የምሠራበት ስቱዲዮ ስም ስለተጻፈ በዚያ ነው ያገኘን። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ሲናገር ዝግ የሚል ሰው ነው። ካሜራማናችን ለሥራ ወጥቶ ነበርና ብቻዬን ነበርኩ።

"ያቺን ፊልም የሠሩት እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው እርስዎ ሲለኝ ተሸማቅቄ ወንበር ሳብኩለት። "አዎ ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴን ፊት አሳዩኝ። በሕይወት ያለች አልመሰለኝም ነበር።" መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

 የምትናፍቀው ሰው ይኸው መጣ ብዬ እኔም እንባዬ ቀረበ። ስለ እጇ፣ ስለ አፈታተሏ አወራሁለት። "ድሮም እንዲህ ትፈትል ነበር?" አልኩት።

"ድሮም" አለ።

"አሁን ፈትሏን ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ነው የምታስረክበው።"

"የትኛው ሸማኔ ጋ?" ብሎ ወዲያው ጠየቀ።

"እሱን እንኳ አላውቅም። ቤቷ ግን…"

ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ፈገግ ብሎ ነበር። "ይንገሩኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ነው የፈለግኳት። ያልፈለግኩባት ቦታ የለም። ከእኔ ተሰውራ የምትቀር መስሏት ነበር።"

ያኔ ነው የሰማሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ የሰማኋት ግን ያኔ ነው። የሚፈልገኝ ሰው አለ። 

"ቤቷን አላውቀውም" አልኩ።

"አሁን ልትነግሪኝ አልነበር?" አለ። እርስዎ የሚለው ቀረ።

"ደጅ ነው የቀረጽኳት። የት እንደምትኖር አላውቅም።"

ብጣሽ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ኪቦርዴ ላይ አስቀመጠና፣ "ስታስታውሺ ደውይ" ብሎ ወጣ። በመስኮት ቁልቁል ተመለከትኩ። አስፋልቱን ሳይቸኩል ተሻግሮ የታክሲ ሰልፉ ውስጥ ገባና ከዓይኔ ጠፋ። ወንበሬ ላይ ስመለስ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሽሮ ሜዳ የምትወርድበት ቀን ነው። ሽሮ ሜዳ ያልኩት ደግሞ በራሴ አፍ ነው።

ስልክ የላትም። የትኛው ሸማኔ ጋ እንደምትሄድ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ ሄጄ በየሱቁ ብጠይቅ ለእሱ መንገድ የማሳየው እኔው እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ወደ ቤቷ ለመሄድ ወሰንኩ። በሕንፃው የኋላ በር ወጥቼ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አይቻለሁ። ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ደግሞ ፊቴን አዞርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ስለማየት ፊልም ስሠራ፣ መታየት እንደዚህ ሊያስጨንቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ዳገቱን በእግሬ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ባሕር ዛፉ መሃል ስገባ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፈጠን ስል ፈጠነ፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። መዞር አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ የምደውል መሰልኩና ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ኮቴው ደረሰ። ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠበል ሊቀዱ ነው የሚወጡት። "እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ" ብለውኝ አለፉ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው።

በሯ ከውጭ ተቆልፏል። አጠገቧ የምትኖረው ጎረቤቷ ልብስ ከገመድ እየሰበሰበች፣ "ዛሬ ማክሰኞ አይደል፣ ሽሮ ሜዳ ወርዳለች" አለችኝ።

"ሌላ ሰው ጠይቋት ነበር?"

"ከአንቺ በቀር ማንም።"

ዝናቡ ጀመረ። ጎረቤትየዋ ግቢ ብትለኝም መንገዱን ለማየት ብዬ ደጅ ጣሪያው ስር ቆምኩ። እንደዚያ ቆሜ አሥር ሰዓት ሆነ፤ አሥራ አንድ ሆነ። በአእምሮዬ ሽሮ ሜዳ ላይ ደርሶባት አየሁት፤ ክንዷን ሲይዛት፣ ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ሲያልፋቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ የጥጥ ከረጢት በላስቲክ ጠቅልላ፣ ራሷ ላይ ተሸክማ ብቅ አለች። ስታየኝ ፈገግ ልትል ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

"ምን ሆነሻል?"

"ሰው መጣ ቢሮ። ወንድሟ ነኝ አለኝ።"

"ወንድም የለኝም።"

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠች። "ምን ይመስላል?"

"ረጅም ነው። ንግግሩ ዝግ ያለ። መጀመሪያ እርስዎ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንቺ አለኝ።"

ዓይኗን ጨፈነች። "እሱ ነው" አለች። "ባሌ ነው።"

ቤት አስገባችኝና ባጭሩ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ከእጁ የተረፈችው ጎረቤት ደርሶላት ነው። ሦስተኛው እስኪመጣ ሳትጠብቅ ጠበል እሄዳለሁ ብላ ወጣች፣ በዚያው አልተመለሰችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ተቆጥቼ ነበር፤ የተቆጣሁት በራሴ ላይ ነበር።

"ነገርኩሽ እኮ። የሚፈልገኝ ሰው አለ አላልኩሽም? ቀርጸሽዋል።"

"ታዲያ ፊቴን አንሺ ለምን አልሽኝ?"

እንዝርቶቿን ከግድግዳው እያወረደች በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። "ልጄ እንድታየኝ ነው" አለች። "ስወጣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሞታለች ብሏት ይሆናል፤ ጥላሽ ሄደች ብሏትም ይሆናል። በሕይወት እንዳለሁ እንድታውቅ ነው። እሱም እንደሚያየኝ አውቅ ነበር። እሷ ብቻ የምታይበት መንገድ አጣሁ።"

ሽሮ ሜዳን መጥቀሴንም ነገርኳት። ይህን ሳልነግራት ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽ አየችኝና፣ "እንግዲያው ከዚህ እንውጣ" አለች። መታወቂያዋን፣ አንድ ቀሚስና እንዝርቶቿን ብቻ ይዛ፣ በሌላኛው በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ወረድን።

ሲግናል ያለው ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። አልጋዬን ሰጥቻት እኔ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። ቀን ቀን ከመስኮቱ ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ትፈትላለች። ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ እጇ ይቆማል፤ ኮቴው ወደ አምስተኛ ፎቅ ሲያልፍ እንደገና ይጀምራል። አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።  ከዚያ የጎረቤቴ ድምፅ "ውሃ ሊጠፋ ነው፣ ቅጂ" አለ። ከሄደች በኋላም ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀስንም።

ረቡዕ ሸማኔው ጋ በእኔ ስልክ ደወለች። አንድ ሰው ምስሏን በስልኩ እያሳየ በየሱቁ ሲጠይቅ ውሏል። ሸማኔው አላውቃትም ብሎ መልሶታል፤ ከአጠገቡ ያለው ግን ክፋት ሳያስብ "ከላይ ከኪዳነ ምሕረት ናት" ብሎታል። ሐሙስ ደግሞ ስንወጣ ቁጥሬን የተውንላት የእንጦጦዋ ጎረቤቷ ደወለች። ሰውዬው መጥቷል። አልጮኸም፣ በር አልሰበረም። ዱካዋን ከግድግዳው አንስቶ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ይህን ስሰማ የፈራሁትን ያህል ቢሯችን ሲመጣም አልፈራሁም። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። "እንደዚያ ነው" አለች፣ "ይጠብቃል።"

ዓርብ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። በሴቶች ጉዳይ ላይ የምትሠራ አንዲት ፖሊስ ቃሏን ሳታቋርጥ ተቀበለቻት። ሰውዬው ወረቀት ላይ ጽፎልኝ የሄደውንም ቁጥር ሰጠኋት። ስንወጣ "ብቻዋን አትሂድ" አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን አልሄደችም።

ቅዳሜ ፎቶ ከሌለው አካውንት መልእክት ደረሰኝ። "ያቺ ሴት እናቴ ናት። እባክሽ የት እንዳለች ንገሪኝ" ይላል።  ልጅቷ ልትሆን ትችላለች። እሱም ሊሆን ይችላል። ላሳያት ወይስ መልእክቱን ልደብቃት ብዬ ተጨነቅኩ፤ በኋላ አሳየኋት። ደጋግማ አነበበችው።

"ሕፃን ሳለሽ ምን ይዘሽ ነበር የምትተኚው በያት" አለችኝ።

ጻፍኩ። መልሱ ለመምጣት ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ሁለታችንም ስልኩን እንደሚፈነዳ ነገር ከሩቅ እናየው ነበር። ሲበራ አነበብኩላት፤ "የእናቴን ጆሮ።"

እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። "አባትየውም ይህን ያውቃል እኮ" አልኳት።

"አያውቅም" አለች። "አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር እኛን ቀና ብሎ አይቶን አያውቅም።"

በቪዲዮ ደወልን። መጀመሪያ ጣሪያ ታየ፣ ከዚያ የሚንቀጠቀጥ የልጃገረድ ፊት። "እማዬ" አለች። እናትየዋ አላለቀሰችም። "ዙሪያውን አሳዪኝ" አለቻት። ልጅቷ ስልኩን ቀስ ብላ አዞረችው፤ ተደራራቢ አልጋዎች፣ የተሰቀሉ ልብሶች፣ አንገታቸውን ያሰገጉ ሁለት ሴት ተማሪዎች፣ የተዘጋ በር። የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ነው። "አሁን ፊትሽን" አለች እናት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለእሷ ትቼ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። በሩን ከውጭ ስጠብቅ ውስጥ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ሰውዬው ተጠርቶ ጣቢያ መጣ። ሚስቴን ነው የፈለግኩት፣ ሚስትን መፈለግ ወንጀል ነው ወይ አለ አሉ። ፖሊሷ ሚስቱ መገኘት እንደማትፈልግ ነገረችው። እንዳይቀርባትም አስፈረመችው። ወደ አገሩ ተመልሷል ብለውናል፤ አውቶብስ ሲሳፈር ያየ ሰው ግን አላገኘንም። እሷ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውራለች፣ የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ፊልሙን ከያለበት አነሳሁት፤ የእኔን ቅጂ ማለቴ ነው። ሌሎቹ እጄ ላይ አይደሉም። አሁንም አልፎ አልፎ ስልኬን ስከፍት ሙዚቃ የታከለበት ፊቷ ብቅ ይላል፤ ሌንሱን እያየች ያንኑ ትላለች። ከሥሩ ሰዎች ቀይ ልብ ይደረድራሉ።

በእኔ አልተቆጣችም። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። "ባታነሺኝ ልጄን አላገኝም ነበር" አለች። "ባታነሺኝ እሱም አያገኘኝም ነበር። ሁለቱን እኔም መለየት አቅቶኛል፣ አንቺም ተዪው።" ተዪው ብትለኝም አልተውኩትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ላንሳ ስል ካሜራውን ከመክፈቴ በፊት፣ እንዳያይህ የምትፈራው ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን አላነሳም።

ልጅቷ ለዕረፍት ስትመጣ እናትየዋ መገናኛ ድረስ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። እኩለ ቀን ነበር፣ ሰው ይተራመሳል፤ ረዳቶች "ቦሌ፣ ቦሌ፣ ፒያሳ" እያሉ ይጮኻሉ። ካሜራ አልያዝኩም። ልጅቷ ከሚኒባስ ስትወርድ ከእናቷ በአንድ ራስ ትበልጣለች፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። ከታክሲ ሰልፉ፣ ከሱቆቹ ደጅ፣ ከድልድዩ ላይ ወደ እነሱ የሚያየውን ወንድ ሁሉ አንድ በአንድ እየለየሁ አየሁ። ታክሲ ውስጥ ገብተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኔን ከሰዉ ላይ አልነቀልኩም።